ቁጥር ያዢልኝ

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽን፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፤

እንዴት ሰነበትሽ? እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ሊፍቱ ተበላሽቶ በቀን አሥር ጊዜ ደረጃ እንደምትወጪ ጽፈሽልኝ ነበር፤ አሁንስ ተሠራ ወይስ ዛሬም በአንቺ ጉልበት ነው የሚነግዱት? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትልቋ በቁመት አንቺን አልፋሻለች ያልሽው እውነት ከሆነ ብዙም አትኩሪ፤ የእኛ ቤት ሰው ድሮም አጭር ነውና አንቺን ማለፍ ሙያ አይደለም። እኛ እዚህ በአካል ደህና ነን። በአካል ያልኩሽ ሆን ብዬ ነው።

ደብዳቤ ካልጻፍኩልሽ አምስት ወር አለፈ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናብና ስለ ብርድ አውርቼ ዘጋሁት። አንቺም ነገሩ ሳይገባሽ አልቀረም፤ ድምፅሽ ሌላ ሆኖብኛል፣ ታመሻል ወይ ብለሽኛል። ከዚያ ደግሞ የመጨረሻው ደብዳቤሽ መጣ። ጋዜጣ ላይ የወጣውን የወንድምጋሼን ፎቶ በመስታወት አስገብተሽ ከአልጋሽ በላይ እንደሰቀልሽው፣ የሥራ ጓደኞችሽ ይህ ማነው ሲሉሽም በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ወንድሜ ነው፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል እንደምትያቸው ጻፍሽልኝ። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ብዕር ማንሳት አቃተኝ። ዛሬ ግን የግድ ሆነብኝ። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቆመሽ የሚነበብ አይደለም።

አንቺ የሄድሽው እሱ ገና የሒሳብ አስተማሪ ሳለ ነውና ከንቲባነቱን በወሬ እንጂ በዓይንሽ አላየሽውም። ስለዚህ መጀመሪያ መልካሙን ልንገርሽ፤ መልካሙም እውነት ነበርና። ማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ላይ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ አንድ ምስማር ነበረበት፤ የስንቱን ቀሚስ የቀደደ፣ ሦስት ከንቲባ ያሳለፈ ምስማር ነው። ወንድምጋሼ በተሾመ ቀን ቢሮው እንኳ ሳይገባ ጉጠት አስመጥቶ፣ ኮቱን ለእኔ አሲዞ፣ ተንበርክኮ በገዛ እጁ ነቀለው። ነገ በሠራተኛ ይነቀላል ቢሉት፣ ዛሬውኑ ነው እንጂ ነገ ማን አየው አለ። በዚያው ስሙ ዛሬውኑ ሆኖ ቀረ። ከተማው በሙሉ አቶ ዛሬውኑ ይለው ጀመር። ጤና ጣቢያ ምጥ የጠናባት ሴት ሳትቀር ዛሬውኑን ጥሩልኝ፣ እሱ ያስወልደኛል ብላ አዋላጆቹን አስቃለች።

እውነትም ሥራ ሠራ። ቦዩ ተጠረገ፣ የትምህርት ቤቱ መንገድ ጠጠር ለበሰ፣ የመንገድ መብራት ተተከለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ለእሱ አልሠራም፤ ከሰው አምስት ሳንቲም አልነካም። ይህን የምጽፍልሽ ሌባ ነበር ልልሽ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፎርማን ጋር ከተማውን በእግሩ ይዞራል። ፎርማኑን አልረሳሽውም፤ አባባ በሞተ ዓመት ጣራችን ሲያፈስ መሰላሉን ተሸክሞ መጥቶ ቆርቆሮውን የቀየረልን፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ የሄደው ጎረቤታችን ነው። ወንድምጋሼ በጃንጥላው ጫፍ ይህ ይፍረስ፣ ያ ይገንባ ይለዋል፤ ፎርማኑም በዚያው ቀን ሥራ ይጀምራል። በደንቡ ግን ትእዛዝ ሁሉ በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ሁሉ ደግሞ እኔ በምሠራበት መዝገብ ቤት ባለው የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ይዞ ነው የሚወጣው። እሱ ለመጻፍ ጊዜ የለውም። ስለዚህ በመስኮቴ ብቅ ይልና ቁጥር ያዢልኝ ይለኛል። እኔም ቁጥሩንና የዕለቱን ቀን እጽፍና የቀረውን መስመር ባዶ እተውለታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ የሳምንቱን ደብዳቤዎች ይጽፋል፤ እኔ ባዶውን እሞላለሁ። አንዳንዱ ሳይጻፍ ይቀራል። የጠየቀን የለም። እንዲያውም በዓመቱ መጨረሻ ሥራ የምታቀላጥፍ ተብዬ ምስጋና ተቀበልኩ። እታለም፣ በባዶ መስመር የተሸለመች መዝገብ ቤት ሠራተኛ ከእኔ በቀር ያለች አይመስለኝም።

ከዚያ የገበያ አዳራሹ መጣ። ልብስ ሻጮች ከላይ ሆነው የሚሸጡበት ሰገነት ያለው ትልቅ አዳራሽ ነው። የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ ሊመርቀው ሐሙስ እንደሚመጣ ተነገረ። ምርጫው ቀርቦ ነበር፤ ወንድምጋሼንም ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሊያጩት ዓይን ጥለውበት ነበር። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ፎርማኑ ሲሚንቶ የለበሰ እጁን ሳይታጠብ ቢሮ ገባ። በእኔና በከንቲባው ቢሮ መካከል ደብዳቤ የምንቀባበልበት ትንሽ መስኮት አለች፤ ሁሉንም ሰማሁ። የሰገነቱ ሲሚንቶ ገና እንዳልጠነከረ፣ የተሸከመው ድጋፍ እንጨት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከተነሳ ኃላፊነቱን እንደማይወስድ ተናገረ። ወንድምጋሼ ደግሞ እንግዳ በእንጨት ደን ውስጥ ሪባን አይቆርጥም፣ ዛሬውኑ አንሱልኝ አለ። ያኔ ፎርማኑ በስድስት ዓመት ውስጥ ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀ፤ እንግዲያው በጽሑፍ ይሰጠኝ አለ። ወንድምጋሼም ጽሑፉ ይደርስሃል ብሎ በመስኮቷ በኩል ወደ እኔ ዞረና ቁጥር ያዢልኝ አለኝ። ያዝኩለት። ቁጥሩ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ነበር። ፎርማኑ ብዕሬ ሲንቀሳቀስ ቆሞ አየ፤ እኔን አመነኝና ሄደ። ያን ዕለት እንጨቱ ተነሳ። ያን ቅዳሜ ግን ወንድምጋሼ ደብዳቤ ሊጽፍ አልተቀመጠም፤ ክፍለ ሀገር ተጠርቶ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ተጨበጨበ፣ ተመረቀ፣ ተበላ። ሰገነቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታይቶ በሲሚንቶ ደፈኑትና ቀለም ቀቡት። ወንድምጋሼ ተመረጠ፤ በዓመቱ ደግሞ የክፍለ ሀገሩ የሥራ ቢሮ ኃላፊ ሆነ። ሹመት ያዳብር ብለን ሸኘነው፤ እኔማ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ በኋላ በሬዲዮ ነበር የምንሰማው። ዛሬውኑ ማለት ተወ፤ ስለ ምንም ነገር ሲጠየቅ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው ማለት ለመደ። አንድ ቀን መስታወቱ በተዘጋ መኪና እኛን ሊጠይቅ መጣ። እኔ ከሥራ ስመለስ ጠባቂው አባባ በሠራው በራችን ላይ አቁሞ መታወቂያ ጠየቀኝ። ገብቼ ስነግረው ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያ የሚያስቅ አልነበረም።

አዳራሹ በነሐሴ መፍረሱን ነግሬሻለሁ። ሰባት ሰው መሞቱንም ታውቂያለሽ። የገበያ ቀን ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሰው ሁሉ ሊጠለል ገባ፣ ከላይም ከታችም ሞላ፣ ሰገነቱም ወረደ። ከሰገነቱ ስር ከሞቱት አንዷ፣ ስትሄጂ የለበስሽውን ቀሚስ አዝራር የመረጠችልሽ ክርና አዝራር ሻጯ ናት። አዝራሮቿ በየጭቃው ተበትነው ሰው ለሳምንታት ከጫማው ስር ሲለቅም ነበር። እኔም አንድ ሰማያዊ አገኘሁ፤ መጣልም ማስቀመጥም አቅቶኝ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ቸኮልን፣ የለቀመው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያኔ በስልክ ማን አጠፋ ስትዪኝ የሠራተኛ ጥፋት ነው አልኩሽ። ፎርማኑ? ያ ሰው? አልሽኝ። እታለም፣ ያን ቀን ዋሸሁሽ። እንዴት እንደዋሸሁ ደግሞ ልንገርሽ።

አጣሪ ኮሚቴው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድምጋሼ ያለ መኪና፣ ያለ ጠባቂ፣ በእግሩ መዝገብ ቤት መጣ። ልጄ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ጠየቀኝ። ጥርሷ ወልቆ እንደሆነም ጠየቀኝ። ከዚያ የዚያን ዓመት መዝገብ አውርጂልኝ አለ። ገጹን አልፈለገውም፤ ጣቱ በቀጥታ ሄዶ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ላይ አረፈ። ባዶውን መስመር ከእኔ ይልቅ እሱ ያስታውሰው ነበር። ከኪሱ በዚያ ማክሰኞ ቀን የተጻፈ፣ የተፈረመበት፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ አወጣ። ለፎርማኑ የተጻፈ ነው። ድጋፍ እንጨቱ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እንዳይነሳ በጥብቅ አሳስባለሁ ይላል። ገባሽ? የፎርማኑን ቃል ወስዶ በራሱ አፍ አድርጎ መልሶ ለፎርማኑ ጻፈለት።

ይህን አላደርግም አልኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ከወደቅሁ ይህን ከተማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል አለኝ። ፎርማኑ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው፣ እኔው አስፈታዋለሁ አለኝ። ከዚያ የመጨረሻውን ተናገረ፤ እታለም ይህን ብትሰማ ትሞታለች፣ ልቧ አይችለውም፣ ገዳይዋ አንቺ ነሽ አለኝ። እዚያ ላይ ተሸነፍኩ። ቀለሙ የሚመሳሰል አሮጌ ብዕር መረጥኩ። ለፎርማኑ፣ ጉዳዩ ድጋፍ እንጨት እንዳይነሳ ስለማሳሰብ ብዬ ሞላሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ አልተንቀጠቀጠም። ስድስት ዓመት የለመደው ሥራ ነው። ሲወጣ ሌላ የሚጠይቁት ወረቀት አለ ወይ አለኝ፤ የለም አልኩት።

ነበር። ደብዳቤ ሲወጣ ተቀባዩ የሚፈርምበት የማስረከቢያ ደብተር አለ። ወንድምጋሼ እንዲህ ላለው ነገር ጊዜ ኖሮት ስለማያውቅ ደብተሩ መኖሩንም አያውቅም። ፎርማኑ ሁልጊዜ የሚፈርመው ጆሮው ላይ በሚሰካው የአናጺ እርሳስ ነው፤ ወፍራም ፊርማው ከሩቅ ይለያል። ሦስት መቶ አርባ አንድን በእርሳሱ ፈርሞ ተቀብሏል፣ ሦስት መቶ አርባ ሦስትንም ተቀብሏል። በመካከሉ ምንም የለም። አጣሪዎቹ ወጪ መዝገቡን ብቻ አይተው ረክተው ሄዱ፤ ደብተሩን የጠየቀኝ የለም። እኔም በዚያው ቀን ከመደርደሪያ አውርጄ በቦርሳዬ ቤት አመጣሁትና ፍራሼ ስር አደረግሁት። ለምን እንደደበቅሁት ያኔ አላወቅሁም። ፈሪ ሰው መውጫ ቀዳዳ ይወዳል።

ፎርማኑ ታሰረ። ጥፋተኛ ከተባለ አሥራ ሁለት ዓመት ይጠብቀዋል ይላሉ። ሚስቱ በየሳምንቱ በመስኮቴ ትመጣለች። ማንበብ አትችልም። ባሌ ደብዳቤው አልደረሰኝም ይላል፣ እነሱ መዝገቡ ላይ አለ ይላሉ፣ እስቲ አንቺ ደግመሽ እይልኝ ትለኛለች። እኔም መዝገቡን ገልጬ ራሴ የጻፍኩትን አነብላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ሳነብላት አንገቷን ደፍታ ሰማችና፣ አንቺ ካልሽማ እውነት ነው፣ እሱ ረስቶት ይሆናል፤ ለካ ሰው የገዛ ባሉን አያውቅም አለች። እታለም፣ ሌላውን ሁሉ ችዬው ነበር። ይህችን ግን አልቻልኳትም። እሱ እስር ቤት ተቀምጦ ሚስቱ እንኳ እንዳታምነው ያደረግሁት እኔ ነኝ። መስኮቱን ዘግቼ አለቀስኩ።

ነገ ሰኞ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቀርባ ታስረዳ ብሎ ጠርቶኛል። ወንድምጋሼ ሰው ልኮብኝ ነበር። መዝገቡ ላይ ያለውን ብቻ ተናግረሽ ውረጂ፣ ሌላ አትጨምሪ ብሏል። የክፍለ ሀገሩ ምክትል አስተዳዳሪ ሆኖ ሊሾም ሳምንት ቀርቶታል፤ ስልክ ስትደውዪለት ይህንን የምሥራች ሳይነግርሽ አይቀርም። በመልእክቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእታለምን ነገር አደራ የምትል ነበረችበት። አደራ የምትባለው ቃል እንዲህ ያለ ቦታ ስትገባ ሰምቼ አላውቅም።

ለባለቤቴ ትናንት ሁሉንም ነገርኩት። እኔም እንደማልተርፍ አልደበቅሁትም፤ የሐሰት መዝገብ የሞላሁት በገዛ እጄ ነው። እሱ ተነስቶ ከሣጥን ያንን አንቺ የላክሽልኝን ወፍራም ሹራብ አወጣና ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጣው። እስር ቤቱ ይበርዳል ይባላል። ከዚያ ልጃችንን ወስዶ ፀጉሯን እንዴት እንደሚሠሩላት አሳዪኝ አለኝ። ጎንጉኖ ጎንጉኖ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች አደረገባት፤ እኛም ሳቅን፣ እሷም ሳቀች።

አሁን ለምን ዛሬ እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ። ነገ እዚያ ስቆም ወንድምጋሼ ከፊት ይቀመጥ ይሆናል። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ዓይኑን ሳይ ሆዴ ይባባል፣ ትምህርት ቤት ደብተሬን ይሸከምልኝ የነበረው ልጅ ነው የሚታየኝ። ደብተሩን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ልመለስ እችላለሁ። ፖስታ ቤቱ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ችሎቱ ሦስት ሰዓት ላይ። መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ሣጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ። ሣጥን የገባ ደብዳቤ ደግሞ ልመልስህ ቢሉት አይመለስም። ከዚያ በኋላ ብዋሽ አንቺ ታውቂያለሽ፤ አንቺ እያወቅሽ እኔ ልዋሽ አልችልም፣ ከልጅነቴም አልቻልኩም።

ደግሞ እስከዚህ ድረስ አንብበሽ ከሆነ ሰምተሻል ማለት ነው። አዝነሻል፣ አልቅሰሻል፣ ምናልባትም እኔን ረግመሻል። ግን አልሞትሽም። እንግዲህ ወንድማችን እኔን የሚያስፈራራበት ነገር አልቀረውም።

ፎቶውን አውርጂው አልልሽም። ምስማሩን የነቀለውም እሱ ነው፤ ለእኔም ወንድሜ ነው። ብቻ ማነው ሲሉሽ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው በያቸው እንጂ ትልቅ ሰው ነው አትበያቸው።

ባለቤትሽን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይለው። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፣ ቁመቷንም ቀንሳ ትላክልኝ። መንታዎቹን ሁለቱንም እኩል ሳሚልኝ፤ አንዱን አስበልጠሽ እንዳታጣዪኝ። ደረጃውን አብራሽ የምትወጣውን ጓደኛሽንም ሰላም በይልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል። ልጄ ዶሮ የሚመስል ነገር ሥላልሽ በፖስታው ውስጥ አለ፤ ፈረስ ነው ትላለች። የፎርማኑ ሚስትም ለእህትሽ ስትጽፊ ሰላም በያት ብላኛለች፤ ምን እንደምጽፍልሽ ግን አታውቅም። ነገ ታውቃለች።

ያሳደግሽኝ ታናሽ እህትሽ

ከአባባ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሑድ፣ ጥር 17 ቀን። ቀኑ የተጻፈበት ቀን ነው።